የዱልሲ ምድጃ እና የእሑድ ሳህን

የዱልሲ ፓርዲ እጆች እስከ አንጓቸው በሥጋ ደም ርሰዋል። ሙስ የሚባለው ትልቅ የዱር አጋዘን ሥጋ ነው። በጣት በጣት ትቆርጠዋለች፣ ስቡን ለብቻ ታወጣለች፣ ከዚያ ጠርሙሱን እስከ አንገቱ ሞልታ በአውራ ጣቷ ጠቅ ጠቅ ታደርገዋለች። ከላይ ጨውና አንድ ቁራጭ ሽንኩርት ታክልበታለች። የጠርሙሱን አፍ በንጹሕ ጨርቅ ሳትወለውል ክዳን አትገጥምም። አንዲት የስብ ጠብታ ከከንፈሩ ላይ ከቀረች ክዳኑ አይታሸግም፣ ሥጋውም ሳይከርም ይሸታል።

የሞሉትን ጠርሙሶች በትልቁ ድስት ውስጥ ደርድራ፣ ውሃ ሞልታ፣ በኤሌክትሪክ ምድጃዋ ላይ ከፊት ባለው በትልቁ ሬዚስታንስ፣ እየጋለ በሚያበስለው ጥምጥም ብረት ላይ ጣደችው። ድስቱ ከተጠመጠመው ብረት በዙሪያው ይተርፋል። በዚያ የኒውፋውንድላንድ ደሴት ወሽመጥ ዳር ሴቶቹ ሁሉ የሚጥዱት እንደዚሁ ነው። ሥጋውን በጠርሙስ መቀቀል ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ በትንሽ ድስትማ ሲጥዱ ሊከርሙ ነው።

ምድጃው ነጭ ነው፣ ባለ አራት ሬዚስታንስ። ዱልሲ የገዛችው የዓሣ ፋብሪካው ሳይዘጋ ነበር። ያኔ ከቅዝቃዜው ብዛት ጣቶቿ የሌላ ሰው እስኪመስሏት ድረስ ኮድ የሚባለውን ዓሣ ስትበልት ትውል ነበር። ባሏ ሴልቢ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በዚያ ገንዘብ ለጀልባው አዲስ ሞተር ሊገዛበት ፈልጎ ነበር። እሷ ግን «ጀልባህ ሞተር አለው፤ እኔ ነኝ በእንጨት ጭስ ዓይኔ የጠፋው» አለችው። ሴልቢ ሳቀና ምድጃውን ካመጣው መርከብ ራሱ ተሸክሞ አወጣው። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ በኮምጣጤ ሳትወለውለው ተኝታ አታውቅም። ማብሪያዎቹ ላይ የነበሩት ቁጥሮች በጨርቋ ብዛት ጠፍተዋል፤ እሷ ግን በጣቷ ታውቃቸዋለች።

ያን ሐሙስ ድስቱ ፈልቶ፣ ጠርሙሶቹ እርስ በርስ ቀጭ ቀጭ ማለት ሲጀምሩ፣ ነፋሱ ዞረ። ከባሕሩ በኩል ጭጋግ መጣ። ዱልሲ ቅርጫቷን ይዛ የተሰጣውን አንሶላ ልታወርድ ወጣች። የመጨረሻውን የልብስ መቆንጠጫ ሳትነቅል የጎማ ቃጠሎ የመሰለ ሽታ አፍንጫዋን መታት።

ስትገባ ከድስቱ ሥር ሰማያዊ ብልጭታ ጠሽ ጠሽ ይላል፤ ጥቁር ጭስ ጣሪያውን ይዞታል። ማብሪያውን አጠፋች። በሩንና መስኮቱን ከፈተች። ድስቱን በሁለት ፎጣ ይዛ ወደ ጎን ስታነሣ ጋርላንድ ገባ።

ጋርላንድ የሴልቢ ታላቅ ወንድም ነው። ቤቱ ከመንገዱ ማዶ ነው፤ ሚስት አላገባም። ሳያንኳኳ ገባ። በዚያ ወሽመጥ በር የሚያንኳኳ ሰው ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ፖሊስ ነው፣ ወይ ሞት ሊያረዳ የመጣ ቄስ ነው።

«ምን አቃጠልሽ አንቺ?» አላት።

«እኔ ያቃጠልኩት የለም። ምድጃው ነው።»

«ድስቱ ውሃ ነበረው?»

«ዓይን የለህም? አፍ እስከ ገደፉ ውሃ ነው።»

ጋርላንድ ድስቱን አላየም። ያየው ከድስቱ ሥር የነበረውን ነው። ማጨስ ከተወ ጀምሮ አፉ ከማስቲካ አይለይም፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳን መንጋጋው አያርፍም። እዚያ ቆሞ ሲያይ ማኘኩን ተወ። ዱልሲ ይህን ልብ ያለችው ኋላ ነው።

«እኔ ሳላየው እንዳትነኪው» አለና ወጣ።

በማግስቱ ማምሻውን ልጇ ኮሪን ከከተማ ደወለች። ድምፅዋ የለሰለሰ ነው፤ ሰው ለታመመ ሕፃን የሚናገረው ዓይነት።

«እማ፣ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። ምን ሆንሽ?»

«አጎቴ ነገረኝ። ድስት ጥደሽ ረስተሽ ወጣሽ አለኝ። ቤቱ በጭስ ተሞልቶ ነበር አለ።»

ዱልሲ ወንበር ፈለገች። «ምን ረሳሁ?»

«አትቆጪ እማዬ። ዕድሜ ነው፣ ማንም ላይ ይደርሳል። እስከ መቼ አጎቴ በመስኮት ይጠብቅሽ? ያ የአረጋውያን ቤት ያልኩሽ፣ አንድ ክፍል ተለቆላቸዋል። እይታው ጥሩ ነው። በረዶ ሳይጥል ብትገቢ ነው የሚሻለው። እሑድ ካርቶን ይዤ እመጣለሁ።»

«ካርቶን?»

«ዕቃሽን ቀስ እያልን እንድንይዝ። እስከዚያ ምድጃውን እንዳትነኪ እሺ? ዳቦ በቅቤ ብዪ።»

ዱልሲ ስልኩን ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው። በሕይወቷ ዕቃ ወርውራ አታውቅም። ጨርቅ አንስታ ንጹሑን ጠረጴዛ ትወለውል ጀመር። ዳቦ በቅቤ። ሦስት አራት ጊዜ ደጋግማ አለችው። ክፍሉን ከዚህ በፊት አይታዋለች። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ መስኮት፤ ምድጃ የለውም። ምግብ በትሪ ይመጣል። እሷ በሰው ትሪ ለመኖር ሳይሆን የራሷን ድስት ለመጣድ ነው ይህን ያህል ዘመን በበረዶ ውሃ ውስጥ የቆመችው።

ቅዳሜ ጠዋት የምድጃውን ኤሌክትሪክ የሚቆርጠውን ብሬከር አወረደች። አንድ ጊዜ ሳይሆን ሁለት ጊዜ አረጋገጠች፤ ማብሪያዎቹን ሁሉ አዟዟረች፣ ትንሿ ቀይ መብራት አልበራችም። ከዚያ የተቃጠለውን ሬዚስታንስ በአንድ ወገን ብድግ አድርጋ ሳበችው። በደህናው ጊዜ ሳይቸግር ይወጣ ነበር፤ አሁን ተጣብቋል። ስታወዛውዘው ቀጭ ብሎ ወጣ። ከሁለቱ ጫፎቹ አንዱ እንደተበላ ጥርስ ሆኗል።

የምድጃውን ክዳን አንስታ በዘንጉ ደገፈችው። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ስትፈልግ ቆይታ አፍንጫዋ ላይ አገኘችው። የባትሪ መብራት ይዛ ጎንበስ አለች። ሬዚስታንሱ የሚሰካበት ሶኬት ጠቁሯል፣ ተሰንጥቋል። በስንጥቁ ውስጥ አንድ ነገር ብልጭ አለ። በቅንድብ መንቀያዋ ታግላ አወጣችው።

ወረቀት ነው። ግማሹ ከስሏል፣ ግማሹ ግን በአንድ ፊቱ ብርማ ነው። በቁመቱ ሦስት ጊዜ ተጣጥፏል፤ እጥፋቱ እንደ ብረት ቀጥ ያለ ነው።

ዱልሲ ወረቀቱን መዳፏ ላይ አድርጋ አገላበጠችው። ማስቲካ የሚያኝክ ብዙ ነው። ማስቲካውን አፉ ከትቶ፣ ብርማ ወረቀቱን በቁመቱ ሦስት ጊዜ አጥፎ፣ በጥፍሩ ጠርዙን አስልቶ ኪሱ የሚከት ግን አንድ ሰው ነው። በበጋው ይኸው ሬዚስታንስ አልግል ሲላት «ራቂ፣ ይሄ የሴት ሥራ አይደለም» ብሎ እዚህ ምድጃ ላይ የተደፋውም ያው ሰው ነው። አዲስ ሶኬት ለማምጣት ወሽመጡን በመኪና መዞር ሰንፎ፣ የላላውን ጫፍ በማስቲካ ወረቀት ጠቅልሎ አጥብቆላታል። ሲሠራም «አየሽ፣ እንደ አዲስ» ብሏታል። እሷም አመስግናው ሩባርብ ከሚሉት ጎምዛዛ ተክል የሠራችውን ማርማላታ ሰጥታዋለች። አሁን ስታስበው ማርማላታው አንገበገባት።

ያጠለቀችውን ሽርጥ ሳታወልቅ መንገዱን ተሻገረችና ሳታንኳኳ ገባች። ጋርላንድ ጠረጴዛው ላይ አሮጌ ራዲዮ ፈታትቶ ተቀምጧል።

«ይሄ ምንድነው?» አለችና ወረቀቱን ራዲዮው ላይ አኖረችው።

«ወረቀት ነው።»

«የማን?»

«ማስቲካ የሚያኝክ ሰው ሁሉ ወረቀት ይጥላል፣ ዱልሲ።»

«ምድጃዬ ውስጥ ገብቶ ነው የሚጥለው?»

ጋርላንድ አንዲት ብሎን አንስቶ አገላበጣት። «ላልቶ ነበር። አጠበቅኩት። ሰው ሁሉ ያደርገዋል።»

«ለኮሪን ምን አልካት?»

«ጭስ ነበረ አልኳት። አልነበረም?»

«ድስት ጥዳ ረሳች ብለሃታል። ልጄ ናት የነገረችኝ።»

«ውጭ ነበርሽ አይደል። ድስቱ ተጥዶ አንቺ ውጭ ነበርሽ። ምን ልበላት? እኔ ባልደርስ ኖሮ…»

«አንተ ባትደርስ ምን ይሆናል? አጥፍቼዋለሁ፣ በሩን ከፍቼዋለሁ፣ ድስቱን አንስቼዋለሁ። አንተ የመጣኸው ለማየት ነው። ያየኸውም የገዛ እጅህን ሥራ ነው።»

«ይሄን መንደር ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ እኮ። የማን ጀልባ፣ የማን ጣሪያ ነው ያልነካሁት?»

«ጣሪያዎቹን እግዜር ይጠብቃቸው።»

ጋርላንድ ፊቱ ቀላ። «ቤቱን ከሴልቢ ጋር እኔ ነኝ የሠራሁት። ሚስማሩን እኔ ነኝ የመታሁት። እዚያ ቤት እሳት እንዲነሣ የምመኝ ይመስልሻል?»

«የምትመኘውን አላውቅም። የሠራኸውን ግን አውቃለሁ። ከቤቱ የምትወጣው ሚስማሩ አይደለም፤ እኔ ነኝ። ኮሪን ነገ ካርቶን ይዛ ልትመጣ ነው።»

ይህን አልሰማም ነበር፤ ብሎኗ ከእጁ ወድቃ ተንከባለለች። ጎንበስ ብሎ አላነሣትም።  ዱልሲ አንድ ቃል ጠበቀች። ጠበቀች። እሱ ራዲዮው ውስጥ ያለውን ሽቦ ያያል።

በሩ ላይ ደርሳ ዞረች። «ከእንግዲህ ቤቴ ስትመጣ በር አንኳኳ» አለችው።

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ግን በዚያ ወሽመጥ ይህ ቃል ለሌባም አይነገርም። ራሷም ከአፏ ሲወጣ ስትሰማው ደነገጠች፤ አልመለሰችውም።

ከዚያ መኪናዋን አስነስታ ወሽመጡን ዞረች። ከወዲያ ማዶ ኢልማ የምትባል ሴት ሱቅ አላት፤ ከመንጠቆ እስከ መጋረጃ ይገኝባታል። ኢልማ የተቃጠለውን ሬዚስታንስ አገላብጣ አየችና «ይሄ ጥርሱን ነው የታመመው» አለች። «ሶኬቱንስ አየሽው?»

ዱልሲ ከቦርሳዋ ጥቁሩን ሶኬት አወጣች። ሽቦዎቹን በፒንሳ ቆርጣ አምጥታዋለች።

«ጎበዝ። አዲሱን እዚህ ላይ ብትሰኪው በሳምንቱ ይዘሽልኝ ትመለሻለሽ። ለእኔ ንግድ ነው፣ ለአንቺ ግን ኪሳራ። ሁለቱንም ቀይሪ። ሽቦውን ከሽቦ በሸክላው ማያያዣ፣ በሞርሴቶ፣ እሰሪው፤ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። መጀመሪያ ስትለኩሺው ትንሽ ይጨሳል፣ የፋብሪካ ዘይት ነው፣ አትደንግጪ።» ቀና አለችና «ጋርላንድ ነው የሚገጥምልሽ?» አለች።

«አይደለም።»

ኢልማ ዕቃውን በከረጢት ከተተች። እንዲያ ያለ «አይደለም» ዱልሲ ቤቷ ሳትደርስ ወሽመጡን እንደሚዞር ሁለቱም ያውቃሉ።

ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ምድጃው ላይ ተደፍታ ዋለች። የሽቦዎቹን ልባስ በድንች መላጫ ቢላዋ ላጠች። የመዳቡን ፀጉር አፍተልትላ አንድ አደረገች፣ የሸክላውን ሞርሴቶ እስኪጠብቅ አዞረች፣ ይዞ እንደሆነ ሳብ አድርጋ ፈተነች። ሶኬቱን በካቻቢቴ አሠረች። ብሎኑ ሁለቴ አመለጣት፤ ሁለቴም በጉልበቷ ተንበርክካ ከምድጃው ሥር በዳሰሳ አወጣችው። በጠበቀ ብሎን ሁሉ ላይ አንድ ነገር ትናገራለች። «ረሳች። እሺ። ዳቦ በቅቤ። እሺ።» የሚያየው ሰው ቢኖር የምትጸልይ ይመስለው ነበር።

የሚንጠባጠበውን የሚቀበለውን ቆርቆሮ አጥባ መለሰች፣ አዲሱን ሬዚስታንስ እስከ መጨረሻው ገፋችና አሳረፈችው። ብሬከሩን ከፍ አደረገች። ማብሪያውን አዞረች። ትንሽ ጨሰ፣ ኢልማ እንዳለችው። ከዚያ ከመካከሉ ጀምሮ ቀስ እያለ ቀላ፣ ዳር እስከ ዳር ፍም ሆነ። ዱልሲ ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ደስ ይላታል ብላ ነበር። ንዴቷ ግን አልበረደም፤ እሷና ብረቱ እንደ ጋሉ ተያዩ።

እሑድ ኮሪን ስትመጣ ቤቱ በምሳ ሽታ ተሞልቷል። ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አድሮ ጨው የለቀቀ የበሬ ሥጋ፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ድንች፤ በነጭ የጨርቅ ከረጢት የታሰረው ክክ ደግሞ ከሁሉም ጋር እዚያው ድስት ውስጥ ይንተከተካል። ኮሪን ካርቶኖቹን በብብቷ ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

«እማ፣ እንዳትነኪው ብዬሽ አልነበረም?»

«ብለሽኝ ነበር። ካርቶኑን መሬት አድርጊው፣ ክንድሽ ይደክማል።»

«ማን ሠራው?»

«እኔ።»

«አንቺ? በኤሌክትሪክ?»

«ታዲያ በምን ልሥራው፣ በጸሎት?» ዱልሲ የከሰለውን ወረቀት በትንሽ ሳህን አምጥታ ፊቷ አኖረች። ጥቁሩንም ሶኬት ጎኑ። «ይሄ ከምድጃው ውስጥ ነው የወጣው። እዪው።»

ኮሪን በጣቷ ነካችው። እጥፋቱን ስታይ ዓይኗ ቆመ። ልጅ ሳለች በስብከት ሰዓት ይኸው አጎቷ ከዚህ ወረቀት ትንንሽ ጀልባ እየሠራ ከአግዳሚው ሥር ያቀብላት ነበር።

«አጎቴ ነው» አለች ቀስ ብላ።

«በበጋ ጠገነልኝ። በዚህ።»

«ምናልባት አላወቀም ይሆናል፣ እማ። ምናልባት እውነትም የረሳሽ መስሎት…»

«እሱ የመሰለውን ተይው። አንቺ ምን መሰለሽ?» ዱልሲ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «እሱ ደወለ፣ አንቺ ሰማሽ፣ ክፍል ያዝሽ፣ ካርቶን ገዛሽ። ከዚህ ሁሉ መሐል አንዴ ‹እማ፣ ምን ሆነ?› አላልሽኝም። ደህና ነሽ ወይ አልሽኝ። ደህና መሆኔን እኔም አውቃለሁ። ምን ሆነ ብለሽ አልጠየቅሽኝም።»

ኮሪን ጥቁሩን ሶኬት አገላበጠችው። «ብቻሽን ስለሆንሽ እሰጋለሁ» አለች በመጨረሻ።

«ስጊ። ሰግተሽ ግን ጠይቂ።»

ያኔ በሩ ተንኳኳ።

 ኮሪን ደንግጣ ተነሣች። «ማን ሞተ?» አለች።

«ማንም አልሞተም» አለች ዱልሲ። «ክፈችለት።»

ጋርላንድ የእሑድ ኮቱን ለብሷል። ቆቡን በሁለት እጁ ይዟል። በገዛ እጁ ከሠራው ደፍ ውጭ ቆሞ፣ እግሩን አላነሣም።

«አጎቴ፣ ምን ነካህ? ግባ እንጂ» አለች ኮሪን።

«እዚሁ ይበቃኛል።» ማስቲካ አላኘከም። «ድስቱ ውሃ ነበረው፣ ኮሪን። እስከ አፉ። እናትሽ አልረሳችም። ገና ጭሱን ሳይ ነው ያወቅሁት፣ ወረቀቱ መሆኑን። የሴልቢን ቤት በማስቲካ ወረቀት አቃጠለው እንዳልባል ነው። አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ። ካርቶን ድረስ ይሄዳል አላልኩም።»

ቆቡን አንድ ጊዜ አዟዟረው። ዱልሲ ድስቱ ጋ ቆማ ጀርባዋን ሰጥታዋለች። ሁሉንም ሰምታለች። ቃሉ ትናንት ጠዋት ቢመጣ፣ ያቺ ብሎን ስትንከባለል፣ ሌላ ነገር ይሆን ነበር።

«ሰምቻለሁ» አለች ሳትዞር።

ጋርላንድ ቆቡን ደፋ። ከዚያ በሩን ራሱ ዘግቶ ሄደ፤ የእግሩ ድምፅ በጠጠሩ ላይ እስከ መንገዱ ድረስ ተሰማ።

ኮሪን ካርቶኖቹን አንሥታ ወደ መኪናዋ መለሰች። ተመልሳ ክኩን ከከረጢቱ እያወጣች፣ ነገ ጠዋት ደውላ ክፍሉን ለሌላ ሰው ስጡት እንደምትላቸው ለእናቷ ነገረቻት። ዱልሲ «ጥሩ» አለች፣ «ቅቤውን አቀብዪኝ።» ምሳቸውን በሉ። ሥጋው ለስልሶ ነበር። 

ሴልቢ ከሞተ ጀምሮ ዱልሲ እሑድ እሑድ የመጀመሪያውን ሳህን የምታወጣው ለጋርላንድ ነው። ከሥጋው የደህናውን፣ ከክኩ ወፈር አድርጋ፣ ከላይ በሌላ ሳህን ደፍታ፣ በፎጣ አሥራ መንገዱን ትሻገራለች። ዛሬም እጇ ልማዱን አልተወም፤ ሳያስፈቅዳት አውጥቷል። ፎጣው ታስሯል። ሳህኑ ከምድጃው ጥግ ተቀምጧል።

«እማ፣ የአጎቴ ሳህን» አለች ኮሪን የመኪናዋን ቁልፍ ስታነሣ። «ሳልፍ ላድርስለት?»

«ተይው። እኔ እወስድለታለሁ።»

መኪናው ሲርቅ ዱልሲ ኮቷን ለበሰች፣ ሻሿን አሠረች፣ ሳህኑን በሁለት እጇ አነሣች። በመስኮቱ ማዶ የጋርላንድ ወጥ ቤት መብራት በርቷል፤ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ጥላው ይታያል። ይጠብቃል። በዚህ ሰዓት ሁልጊዜ ይጠብቃል። እዚያ በር ስትደርስ እንደ ድሮው ሳታንኳኳ ልትገባ ነው ወይስ አንኳኩታ? አሰበችበት። እጇ ለሁለቱም እምቢ አለ።

ሳህኑን መልሳ ከትልቁ ሬዚስታንስ ላይ፣ ገና ለብ ካለው ብረት ላይ አኖረችው። ኮቷን አወለቀች።